ሁለት ችሎት፣ ሦስት ፖስታ፦ የቦስተንን የትምህርት ቤቶች ሙግት በክበባችሁ ለማካሄድ

ምስለ ችሎት ለሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች እንግዳ መሆኑ ቀርቷል። የኢትዮጵያ ሰብአዊ መብቶች ኮሚሽን የሚያካሂደው ውድድር ነገሩን አስለምዶታል። የሚቸግረው ጉዳይ መምረጥ ነው። ለሥነ ዜጋ ክበብ የአሜሪካዋን ቦስተን ከተማ የመንግሥት ትምህርት ቤቶች ሙግት፣ ማለትም ጥቁርና ነጭ ተማሪዎች ተለያይተው እንዲማሩ ተደርጓል የሚለውን ክስ፣ የምንመርጠው ጥፋቱን ማረጋገጥ የሚቻል፣ ማረሙ ግን ከተማ ያመሰ ጉዳይ ስለሆነ ነው። ስለዚህ ችሎቱ ሁለት ጊዜ ይሰየማል። በመጀመሪያው ቀን «ጥፋት አለ ወይ?» ይባላል፤ በሁለተኛው «እሺ፣ ታዲያ ምን ይደረግ?»። ብዙ ክበብ የመጀመሪያውን ጨርሶ፣ አጨብጭቦ ይበተናል። ሁለተኛውን የዘለለ ግን ጉዳዩን ገና አልነካውም።

ቀኑን ለማስጠናት አትድከሙ። ጥቁርና ነጭ ተማሪዎችን ለመቀላቀል በፍርድ ቤት ትእዛዝ ተማሪ የጫኑት የቦስተን አውቶቡሶች መጀመሪያ የተንቀሳቀሱት እ.ኤ.አ. ሴፕቴምበር 12 ቀን 1974 ነው። በእኛ አቆጣጠር መስከረም 2 ቀን 1967፣ ጃንሆይ በቮልስዋገን ከቤተ መንግሥት የተወሰዱበት ዕለት። ይህን የሰማ ተማሪ ቀኑን አይረሳም። ከዚያ ቀደም ብሎ በየካቲት 1966 የአዲስ አበባ መምህራን በደመወዝና በትምህርት ሴክተር ሪቪው (በትምህርት ዘርፍ ማሻሻያ ጥናቱ) ምክንያት ሥራ አቁመው እንደነበር ካከላችሁበት፣ ትምህርት ቤት የፖለቲካ ሜዳ የሚሆነው አሜሪካ ብቻ እንዳልሆነ ሳትሰብኩ ይገባቸዋል።

ፖስታዎቹ

መረጃውን በአንድ ጥራዝ አትስጡ። መጨረሻውን አስቀድሞ ያነበበ ተማሪ እንደ ዳኛ ማሰብ ያቆማል፤ ድንጋይ መወርወሩን ስለሚያውቅ ብቻ «እንግዲያው አይቀላቀሉ» ይላል። ስለዚህ ሦስት ፖስታ አዘጋጁና አሽጓቸው።

አንደኛው ፖስታ እስከ ሰኔ 1966 ያለውን ብቻ ይይዛል፤ ከስምንት ገጽ አይብለጥ። በሁለቱም ገጽ ካተማችሁት ለአንድ ሰው አራት ወረቀት፣ ለ24 ተሳታፊ 96 ወረቀት ነው፤ ስድስት ኪሎ አካባቢ ካሉት ፎቶ ኮፒ ቤቶች አንዱ ጋ ጠዋት ሰጥታችሁ ከሰዓት ትወስዳላችሁ። ይዘቱ የሚከተለው ነው። በ1850 (ከዚህ በኋላ ያለ ማብራሪያ የተጻፈ ዓመት ሁሉ እ.ኤ.አ. ነው) የማሳቹሴትስ ጠቅላይ ፍርድ ቤት የአምስት ዓመቷን የሳራ ሮበርትስን ክስ ውድቅ አደረገ፤ ልጅቷ ጥቁር በመሆኗ ለቤቷ የሚቀርቡት የነጮች ትምህርት ቤቶች አልተቀበሏትም ነበር። በ1855 ግን የግዛቲቱ ምክር ቤት በቀለም ለይቶ ማስተማርን በሕግ ከለከለ። ስለዚህ ቦስተን ላይ «ጥቁሮች እዚህ፣ ነጮች እዚያ» የሚል ሕግ አልነበረም፤ ተከሳሾችም ደጋግመው የሚይዙት ይህንኑ ነው። ቀጥሎ ሜይ 17 ቀን 1954 በአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት የተሰጠው፣ ተማሪን በቀለም ለይቶ ማስተማር ሕገ መንግሥቱን ይጥሳል ያለው የብራውን ፍርድ፣ ዘጠኙም ዳኞች የተስማሙበት። ቀጥሎ የ1963ቱ እና የ1964ቱ የጥቁር ተማሪዎች የትምህርት ማቆም አድማ። ቀጥሎ የ1965ቱ የግዛቲቱ ሕግ፦ ነጭ ያልሆኑ ተማሪዎች ከግማሽ በላይ የሆኑበት ትምህርት ቤት ሚዛኑን እንደሳተ ይቆጠራል፣ ዕቅድ ያላቀረበ ከተማም የግዛት ገንዘብ ሊያዝበት ይችላል። በዚያው ዓመት ኤለን ጃክሰን ያስተባበሯቸው ጥቁር ወላጆች ኦፕሬሽን ኤክሶደስ ብለው ራሳቸው ባዋጡት ገንዘብ አውቶቡስ ተከራይተው ልጆቻቸውን ባዶ መቀመጫ ወዳለባቸው ትምህርት ቤቶች መላክ ጀመሩ። በመጨረሻ ማርች 1972 የቀረበው ክስ፦ ከሳሽ ታሉላ ሞርጋንና ሌሎች ወላጆች፣ ተከሳሽ የቦስተን ትምህርት ቤት ኮሚቴ፣ በሊቀ መንበሩ በጄምስ ሄኒጋን ስም። የ1973ቱን የዴንቨር ፍርድ በአንድ አንቀጽ ጨምሩ፤ ለያይ ሕግ ባይኖርም ባለሥልጣን ሆን ብሎ ከለየ ጥፋት ነው ያለው እሱ ነው፣ ክርክሩም ሁሉ «ሆን ብሎ» በምትለዋ ላይ ይሽከረከራል።

ሁለተኛው ፖስታ ለመፍትሔው ችሎት ነው፤ ሦስተኛው ትእዛዙ ተነቦ ካለቀ በኋላ ይከፈታል። ወደ ሁለቱም እንመለሳለን።

ሰውና ወንበር

24 ተማሪ በቂ ነው፦ 3 ዳኞች፣ ለከሳሽ 4 ጠበቃ፣ ለተከሳሽ 4 ጠበቃ፣ 4 ምስክሮች፣ አንድ ሬጅስትራር፣ አንድ ሰዓት ያዥ፣ አንድ ሥርዓት አስከባሪ። በሁለተኛው ቀን የግዛቲቱን ትምህርት ቦርድ የሚወክሉ 2 እና በጣልቃ ገብነት የሚከራከሩ የነጭ ወላጆች ማኅበር ጠበቆች 2 ይጨመራሉ። የቀሩት 2 ከሚኒ ሚዲያ ይምጡ፤ ሁለቱንም ቀን ዘግበው በማግስቱ በሰልፍ ሰዓት ያነቡታል።

ተማሪው ኮሚቴውን ከወተመህ (ከወላጅ፣ ተማሪና መምህር ኅብረት) ጋር ያምታታዋል። ገና ከጅምሩ አጥሩት፦ የቦስተን ትምህርት ቤት ኮሚቴ ያኔ መላው ከተማ የሚመርጣቸው አምስት ሰዎች ነበሩ፤ በጀት ያጸድቁ፣ ኃላፊ ይሾሙ፣ ወሰን ያሰምሩ ነበር። ምርጫ ስላለባቸውም ሕዝብ የሚጮኸውን ይጮኹ ነበር። ከ1963 እስከ 1965 ሊቀ መንበር የነበሩት ሉዊዝ ዴይ ሂክስ ተማሪዎችን መቀላቀልን በመቃወም ታዋቂ ሆነው በ1967 ለከንቲባነት ተወዳድረዋል፤ በኬቨን ኋይት ተሸነፉ እንጂ። ኮሚቴው የ1965ቱን ሕግ ሳይሽር ዘጠኝ ዓመት እንዴት እንዳጓተተው የሚገባው ይህን ያወቀ ነው።

ሌላው መምታታት ጁሪ ነው። ፊልም ያየ ሁሉ 12 ሰው ደርድሩልን ይላል። በዚህ ጉዳይ ጁሪ አልነበረም፤ ብቻቸውን የወሰኑት የፌዴራሉ ዳኛ አርተር ጋሪቲ ናቸው። እኛ ሦስት ዳኛ የምናስቀምጠው ሲመካከሩ ታዳሚው እንዲሰማቸው ነው። ምክክሩ በሹክሹክታ አይሁን፤ 15 ደቂቃ በማይክ ይመካከሩ። ከፍርዱ ይልቅ የሚያስተምረው እሱ ነው።

ወገን በዕጣ ይለይ። በቆዳ መጥቆርና መቅላት ሚና ማደል፣ ፊት መቀባት፣ የዘመኑን ስድብ መድገም ክልክል ነው። ምስክር «ሰደቡን» ካለ ይበቃል።

«ዘር» የምትለዋ ቃል

አዲስ አበባ ላይ ይህን ክርክር ከምንም በላይ የምታበላሸው ይህች ቃል ናት። በእኛ የዕለት ንግግር «ዘር» ሲባል ጆሮ የሚሰማው ብሔር ነው። ጠበቃው «የዘር መድልዎ» ብሎ ንግግሩን በከፈተ በአምስተኛው ደቂቃ ክርክሩ ቦስተንን ትቶ ቀበሌ ይገባል። ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ «የቆዳ ቀለም» በሉ፤ ጥራዙ ላይም፣ ጥያቄው ላይም፣ ፍርዱ ላይም። ባሲንግ (ተማሪን በአውቶቡስ ወደ ሌላ ሰፈር ትምህርት ቤት መውሰድ) የሚለውን ደግሞ «ማመላለስ» ብላችሁ ተርጉሙትና በአንድ ቃል ጽኑ።

ተማሪዎች የራሳቸውን ከተማ ማንሳታቸው አይቀርም፤ በመንግሥትና በግል ትምህርት ቤት መካከል ያለውን ልዩነት በየቀኑ በዩኒፎርም ቀለም ያዩታልና። መከልከል አያስፈልግም፤ ጊዜ መስጠት ነው። ሦስተኛው ፖስታ ከተከፈተ በኋላ 20 ደቂቃ ለዚህ ያዙ፣ ከዚያ በፊት ግን አይሆንም።

የመጀመሪያው ቀን

ሰዓቱ እንዲህ ይከፈላል። መክፈቻ ንግግር ለየወገኑ 4 ደቂቃ። ለእያንዳንዱ ምስክር ዋና ጥያቄ 5፣ መስቀለኛ ጥያቄ 4፣ ድጋሚ ጥያቄ 1 ደቂቃ፤ አራቱ ምስክሮች 40 ደቂቃ ይወስዳሉ። እረፍት 10። የመዝጊያ ንግግር 4፣ 4። ምክክር 15፣ ፍርድ ማንበብ 5። ድምሩ 86 ደቂቃ ነው፤ ሁለት ክፍለ ጊዜ ካገኛችሁ ይበቃል። ሰዓት ያዡ አንድ ደቂቃ ሲቀር ቢጫ ካርድ፣ ሲያልቅ ቀይ ያነሳል፤ ቀይ ከተነሳ በኋላ የተነገረ ነገር መዝገብ ውስጥ አይገባም።

ከሳሾች በብዛት የሚሳሳቱት ስለ በደሉ ብቻ በመናገራቸው ነው። ጥቁር ልጆች በአሮጌ ሕንጻ መማራቸውን በዝርዝር ይተርካሉ፤ ተከሳሽ ተነስቶ «ያሳዝናል፣ ግን ሰዎቹ የሰፈሩት እንደዚያ ነው፤ እኛ ቤት አላከራየንም» ሲል መልስ ያጣሉ። የሚያሸንፈው ማስረጃ ስልታዊ አሠራሩን የሚያሳየው ነው። ከጋሪቲ ፍርድ ግኝቶች አንዱን ብቻ በጥንቃቄ ማስረዳት ይበቃል።

ቦስተን ሁለት ዓይነት የመካከለኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ነበራት። አንዱ ከ6ኛ እስከ 8ኛ፣ ሌላው ከ7ኛ እስከ 9ኛ ክፍል። ከ6 እስከ 8 የሚያስተምሩት ባብዛኛው ጥቁር ልጆች የሚበዙባቸው፣ ከ7 እስከ 9 የሚያስተምሩት ባብዛኛው ነጮች የሚበዙባቸው ነበሩ። 8ኛን የጨረሰ ከ9ኛ የሚጀምር ሁለተኛ ደረጃ መፈለግ አለበት፤ 9ኛን የጨረሰ ከ10ኛ ወደሚጀምረው ይገባል። እንግዲህ ማንም «ጥቁር» ወይም «ነጭ» የሚል ቃል ሳይጽፍ ልጆቹ ሁለት መንገድ ላይ ወጡ። ስምንተኛን ጨርሶ ወዴት እንደሚመደብ የተጨነቀ የእኛ ተማሪ ይህን ለመረዳት አስተማሪ አያስፈልገውም። በጥቁር ሰሌዳ ላይ በሁለት ቀስት ሳሉትና ምስክሩን እዚያ አቁሙት።

መስቀለኛ ጥያቄው እንዲህ ይሂድ፤ አንድ ጥያቄ፣ አንድ ፍሬ ነገር፦

«የክፍል አወቃቀሩን የሚወስነው ኮሚቴው ነው፣ አይደለም?»
«አዎ።»
«በ8ኛ የሚያበቁት ትምህርት ቤቶች ውስጥ የሚበዙት ጥቁር ተማሪዎች መሆናቸውን በየዓመቱ ቆጥራችሁ ታውቁ ነበር?»
«አዎ።»
«በ9ኛ የሚያበቁትስ ባብዛኛው የነጮች እንደሆኑ?»
«አዎ።»
«አመሰግናለሁ፣ ክቡር ፍርድ ቤት፤ ጨርሻለሁ።»

አራተኛ ጥያቄ የለም። «ታዲያ ለምን አላስተካከላችሁም?» ያለ ጠበቃ ለምስክሩ ሦስት ደቂቃ ንግግር ሸልሞታል። በልምምድ ጊዜ «ለምን» ያለ ሁሉ ከሰዓቱ አንድ ደቂቃ ይቀነስበት፤ በሁለት ሳምንት ይለቀዋል።

የቀሩትን ግኝቶች ባጭሩ ጥቀሱ፦ የተጨናነቀ የነጮች ትምህርት ቤት አጠገብ ባዶ መቀመጫ ያለው የጥቁሮች ትምህርት ቤት መኖሩ፣ የዝውውር ደንቡ ቀዳዳዎች፣ የመምህራን ምደባ። የሕግ መሠረቱ በ1868 የጸደቀው አሥራ አራተኛው ማሻሻያ፣ የእኩል ጥበቃ ድንጋጌው ነው። የኢትዮጵያን ሕገ መንግሥት አንቀጽ 25 የሚጠቅስ ጠበቃ ዳኞቹ ያቁሙት፤ ለሌላ ቀን ይቆየዋል።

የተከሳሽ ጠበቆች በራሳቸው ያፍራሉ፤ ወይ ተልፈስፍሰው ይሸነፋሉ ወይ የዘረኛ ቴአትር ይሠራሉ። ሁለቱም ችሎቱን ይገድለዋል። እውነተኛ መከራከሪያ አላቸው፦ ልጅ በሰፈሩ መማሩ ነባር ልማድ ነው፤ ሰፈሩን የለየው የቤት ገበያው ነው፤ ለያይ ሕግ የለም፤ የዴንቨር ፍርድ ደግሞ ሆን ብሎ መሥራትን ይጠይቃል። በነዚህ አራት ነጥቦች ብቻ እንዲሠሩ አድርጉ።

ጋሪቲ ጁን 21 ቀን 1974 (ሰኔ 14 ቀን 1966) ለከሳሾች ፈረዱ። የእናንተ ዳኞች ለተከሳሽ ከፈረዱ አታርሟቸው። ለሁለተኛው ቀን «ይግባኝ ሰሚው ሽሮታል» ብላችሁ ቀጥሉ።

ሁለተኛው ቀን፣ ካርታውና ሒሳቡ

ሁለተኛው ፖስታ ሁለት ፍርዶችና አንድ ካርታ አለው። የመጀመሪያው የ1971 የሻርሎት ፍርድ ነው፤ ዳኛ ተማሪ እንዲመላለስ ማዘዝ ይችላል፣ የቁጥር ሚዛን መነሻ ሊሆን ይችላል፣ ጥብቅ ኮታ ግን አይደለም ይላል። ሁለተኛው የዲትሮይቱ፣ ጁላይ 25 ቀን 1974፣ 5 ለ 4። በደሉ ውስጥ እጃቸው የሌለበትን የከተማ ዳር ወረዳዎች ትእዛዙ ውስጥ ማስገባት አይቻልም አለ። ከጋሪቲ ፍርድ 34 ቀን በኋላ ነው የወጣው።

ካርታውን በትልቅ ብሪስቶል ላይ ሥሩት። ቁጥሮቹ ለልምምድ የፈጠርናቸው ናቸው። «ሀ» ሰፈር፦ 3 ትምህርት ቤት፣ 1,800 ተማሪ፣ 1,500 መቀመጫ። «ለ» ሰፈር፦ 3 ትምህርት ቤት፣ 1,500 ተማሪ፣ 2,100 መቀመጫ። ከወፍራም መስመር ውጪ «ሐ» አለ፤ ሰፊ ግቢ፣ ሀብታም ወላጅ፣ ብዙ ባዶ መቀመጫ። አውቶቡሱ 60 ልጅ ይጭናል፣ ጉዞው 25 ደቂቃ። የ«ሀ» ልጆች ከጠቅላላው 54.5 በመቶ ናቸው፤ እያንዳንዱ ትምህርት ቤት ከዚህ በ10 ነጥብ ወዲያና ወዲህ እንዲሆን ታዝዟል፣ ማለትም ከ44.5 እስከ 64.5።

አራቱ ወገኖች (ከሳሽ፣ ኮሚቴ፣ ቦርድ፣ ጣልቃ ገብ) አንድ ሳምንት ተሰጥቷቸው ዕቅድ ይዘው ይቅረቡ። ለየወገኑ 8 ደቂቃ ማቅረቢያ፣ 5 ደቂቃ የዳኞች ጥያቄ። የመጀመሪያው ረቂቅ ሁሌም አንድ ዓይነት ነው፦ 600 የ«ሀ» ልጆችን በ«ለ» ባዶ መቀመጫዎች መሙላት። ያምራል፤ ማንም የ«ለ» ወላጅ አይቆጣም። ግን ይሰላ። የ«ለ» ትምህርት ቤቶች 28.6 በመቶ ይደርሳሉ፣ የ«ሀ» ትምህርት ቤቶች 100 በመቶ እንደነበሩ ይቀራሉ። በአንድ ወገን ጉዞ መፍትሔ የለም።

ከሚሠሩት አንዱ ይህ ነው፤ ብቸኛው አይደለም። 904 ልጅ ከ«ሀ» ወደ «ለ»፣ 504 ከ«ለ» ወደ «ሀ» ይሄዳል። የ«ሀ» ትምህርት ቤቶች 1,400 ተማሪ ይዘው 64 በመቶ፣ የ«ለ» 1,900 ይዘው 47.6 በመቶ ይሆናሉ። አሁን ዳኞቹ ይጠይቁ፦ ከ«ሀ» ልጆች ግማሹ፣ ከ«ለ» ልጆች ግን ሲሶው ብቻ ነው የሚጓዘው፤ ለምን? መልሱ የመቀመጫ ቁጥር ነው፣ መቀመጫውን ማን እንደዚያ እንደሠራው ደግሞ የመጀመሪያው ቀን ክርክር ነበር።

አውቶቡሱን ያልቆጠረ ዕቅድ ወዲያው ውድቅ ይደረግ። 904 ለ60 ሲካፈል 16 አውቶቡስ፣ 504 ደግሞ 9፤ ድምሩ 25። ብልጥ ቡድን የ«ሀ»ን ልጆች ያደረሰው አውቶቡስ ባዶውን ከሚመለስ የ«ለ»ን ይጭናል ብሎ በ16 ይጨርሰዋል። ያኔ ዳኛው «ደወሉስ?» ይበል። ከ«ሀ» 1፡20 የተነሳ «ለ» የሚደርሰው 1፡45፣ ጭኖ «ሀ» የሚመለሰው ከ2፡10 በኋላ ነው። ስለዚህ የ«ሀ» ትምህርት ቤቶች መጀመሪያ ሰዓት ከ«ለ» በግማሽ ሰዓት ያህል መዘግየት አለበት። ከሰዓት በኋላ ክበብ ወይም ኳስ ያለው ልጅስ በምን ይመለሳል? አንድ ሁለት የማምሻ አውቶቡስ ያላሰበ ቡድን ልጁን ክፍል ውስጥ ቀላቅሎ ከሜዳ አስወጥቶታል።

አንድ ቡድን ወደ «ሐ» መሻገሩ አይቀርም። ዳኞቹ የዲትሮይቱን ፍርድ አንብበው ይመልሱት። ቦስተን ላይ የሆነው ይኸው ነው፤ ሸክሙ የወደቀው ጥቁሮች እንደሚበዙባት ሮክስበሪና ነጮች እንደሚበዙባት ደቡብ ቦስተን ባሉ የላብ አደር ሰፈሮች ላይ ነበር፣ ዳኛ ጋሪቲ ራሳቸው ግን የሚኖሩት ከከተማው ወሰን ውጪ፣ ዌልዝሊ ነበር። ጣልቃ ገቦቹ ይህን ነጥብ ካገኙት ይጠቀሙበት፤ ጠንካራ ነው።

ትእዛዙ ሲነበብ አምስት ነገር ይኑረው፦ ማን፣ ስንት፣ በስንት ሰዓት፣ በማን ወጪ፣ ካልተፈጸመ ምን ይከተላል። አምስተኛውን ሁሉም ይረሳዋል።

ሦስተኛው ፖስታ

አሁን ይከፈታል። የመጀመሪያው ዙር ዕቅድ ወደ 18,000 የሚጠጉ ተማሪዎችን አመላለሰ። ሴፕቴምበር 12 ቀን 1974 አብዛኞቹ ትምህርት ቤቶች በሰላም ተከፈቱ፤ ደቡብ ቦስተን ላይ ግን ጥቁር ልጆች የያዙ አውቶቡሶች በድንጋይ ተመቱ። ዲሴምበር ላይ በደቡብ ቦስተን ሁለተኛ ደረጃ አንድ ነጭ ተማሪ በስለት ተወጋ፣ ትምህርት ቤቱም አንድ ወር ገደማ ተዘጋ። በ1975 ሁለተኛው ዕቅድ ከተማዋን በስምንት የሰፈር ወረዳዎችና ለመላው ከተማ ክፍት በሆነ አንድ ወረዳ ከፈላት። በዓመቱ መጨረሻ ፍርድ ቤቱ የደቡብ ቦስተንን ትምህርት ቤት ከኮሚቴው እጅ አውጥቶ በራሱ ሥር አደረገው። ኤፕሪል 5 ቀን 1976 ተቃዋሚዎች ከከተማው ማዘጋጃ ቤት ደጅ ቴድ ላንድስማርክ የተባሉትን ጥቁር ጠበቃ ደበደቡ፤ አንዱ በባንዲራ እንጨት ሲቃጣባቸው የተነሳው ፎቶ ፑሊትዘር አግኝቷል። ብዙ ነጭ ቤተሰቦች ከመንግሥት ትምህርት ቤቶች ወጡ። ጋሪቲ የመጨረሻ ትእዛዛቸውን የሰጡት በ1985 ነው። በ1999 ኮሚቴው ቀለምን ከምደባ መስፈርትነት ለማውጣት ወሰነ።

ከዚያ የተያዘው 20 ደቂቃ። ጥሩ መነሻ ጥያቄ ይኸውላችሁ፦ እንዲህ ያለ ክስ እዚህ ቢቀርብ መንገዱ የት ነው? አንቀጽ 25 እኩልነትን፣ አንቀጽ 41(3) በመንግሥት ገንዘብ በሚካሄዱ ማኅበራዊ አገልግሎቶች በእኩልነት መጠቀምን ይደነግጋል። ነገር ግን በአንቀጽ 83 እና 84 መሠረት ሕገ መንግሥቱን የመተርጎም ጥያቄ ከተነሳ ጉዳዩ ወደ ሕገ መንግሥት ጉዳዮች አጣሪ ጉባኤና ወደ ፌዴሬሽን ምክር ቤት ይሄዳል። አንድ ዳኛ ብቻውን እንደ ጋሪቲ ከተማ ይዞ 11 ዓመት መቀመጥ ይችላል ወይ? ይህን ጥያቄ አንስታችሁ ዝም በሉ።

ቦታና ጊዜ

አራት ሳምንት ያስፈልጋል። በመጀመሪያው ሳምንት ስምንት ስምንት ሆነው በቀላል ባቡር ልደታ ወርደው እውነተኛ የፍትሐ ብሔር ችሎት ይመልከቱ፤ 24 ሆኖ አንድ ክፍል መግባት አይቻልም፣ ስልክም ይጠፋ። ለንባብ አብርሆት ቤተ መጻሕፍት ይመቻል፣ ለልምምድ ግን አይሆንም፤ ድምፅ ማውጣት ስለማይቻል መስቀለኛ ጥያቄ በሹክሹክታ ይለመድና ዕለቱ ሲደርስ ማንም አይሰማም። ለዳኝነት ከስድስት ኪሎ የሕግ ተማሪዎችን መጋበዝ ይቻላል፤ ጥሪው በትምህርት ቤቱ ማኅተም የተደረገበት ደብዳቤ ይሁን። ካባ መግዛት አያስፈልግም፣ የምርቃት ጋወን ተከራዩ።

ፕሮጀክተር ላይ አትመኩ፤ መብራት ከጠፋ ካርታውም ይጠፋልና ብሪስቶሉ ይቅደም። አዳራሹ የቆርቆሮ ጣሪያ ካለው ደግሞ ከኅዳር እስከ የካቲት ባለው ጊዜ አድርጉት። በግንቦት ዝናቡ ከጀመረ ፍርዱን የሚሰማው አንባቢው ዳኛ ብቻ ነው።